ሲኒው ላይ ያለው አበባ ለምን ይለቃል? ስለ ጃፓን ፖርሴሊን፣ ስለ ወፎቹና ስለ አበቦቹ

እናቴ ቤት ስድስት ሲኒዎች ነበሩ። ጠርዛቸው ወርቅ ቅብ ነው፤ ሆዳቸው ላይ ቀይ አበባ ከአረንጓዴ ቅጠል ጋር አለ። ዓመታት ሲያልፉ ከንፈር የሚያርፍበት ቦታ ላይ ወርቁ ተገፎ አለቀ። ቀዩ አበባም ገረጣ። ነጩ ግን እንደ መጀመሪያው ቀን ያበራ ነበር። በአንድ ሲኒ ላይ አንዱ ሲጠፋ ሌላው የሚቆየው ለምንድን ነው? ለብዙ ጊዜ "ርካሽ ቀለም ስለሆነ ነው" ብዬ አልፌዋለሁ።

ተሳስቼ ነበር። በየሙዚየሙ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባቸው የተቀመጡት የጃፓን ሳህኖች ላይም ወፎቹና አበቦቹ ልክ እንደዚያ ይገፈፋሉ። ሥዕሉ የተቀመጠው ከሚያብረቀርቀው ልባስ በላይ ነው። ይህቺን አንዲት ነገር የያዘ ሰው ስለ ጃፓን ባለቀለም ፖርሴሊን ግማሹን መንገድ ሄዷል። ቀሪውን አብረን እንሂድ። ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ፖርሴሊን ከጀበና በምን ይለያል?

ጀበና አፈር ነው። እሳቱ ያጠነክረዋል እንጂ ወደ መስታወትነት አይቀይረውም። ለዚህ ነው አዲስ ጀበና ሳይሟሽ ቡና የማይፈላበት፤ ግድግዳው በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት፣ ውሃ ይጠጣል።

ፖርሴሊን የሚሠራው ከነጭ ድንጋይ ወይም ከነጭ አፈር ነው። ድንጋዩ ይፈጫል፣ በውሃ ይጣራል፣ ይቦካል። ከዚያ 1,300 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ እሳት ውስጥ ይገባል። በዚህ ሙቀት የአካሉ ከፊል ቀልጦ መስታወት ይሆንና ቀሪውን እርስ በርስ ያጣብቀዋል። ውሃ አያስገባም። ስስ ከሆነ ብርሃን ያሳልፋል። በጥፍር ቢመቱት እንደ ቃጭል ይጮሃል።

ከላዩ ላይ ደግሞ የመስታወት ልባስ አለው። የሚያብረቀርቀው እሱ ነው። ከዚህ በኋላ "ልባስ" ስል ይህን ነው።

"ሲኒ" የሚለው ቃላችንም ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ "የቻይና" ማለት ነው። ነጩን ዕቃ ዓለም ያወቀው ከቻይና ነውና ስሙም አብሮት ተጓዘ። ጃፓን ወደዚህ ሥራ የገባችው ዘግይታ ነው።

ጃፓኖች ከማን ተማሩት?

ከ1592 እስከ 1598 ድረስ የጃፓን ጦር ኮሪያን ወርሮ ነበር። ጦሩ ሲመለስ ኮሪያውያን ሸክላ ሠሪዎችን እያስገደደ ይዞ ተመለሰ። ብዙዎቹ የሰፈሩት በደቡባዊቷ ኪዩሹ ደሴት ላይ ነው። ከእነሱ አንዱ ዪ ሳም ፕዮንግ ይባላል። በኪዩሹ አሪታ በምትባል ተራራማ ቦታ፣ ኢዙሚያማ ላይ ነጩን ድንጋይ ያገኘው እሱ እንደሆነ ይተረካል። ትውፊቱ ዓመቱን 1616 ይለዋል። አሪታም በ2016 አራት መቶኛ ዓመቷን አክብራለች። ተራራው ዛሬ በቦታው የለም ማለት ይቻላል። ለዘመናት ተቆፍሮ ተቆፍሮ ትልቅ ጎድጓዳ ሆኗል፤ ተራራው ሳህንና ጽዋ ሆኖ ወጥቷል።

የጃፓን ፖርሴሊን ከምርኮ የተወለደ ሥራ ነው። ስለ ውበቱ ስናወራ ይህን መዝለል ተገቢ አይመስለኝም።

የመጀመሪያዎቹ ዕቃዎች ሰማያዊና ነጭ ብቻ ነበሩ። ሰማያዊው ከኮባልት ይወጣል። ሠዓሊው በጥሬው አካል ላይ ይስላል፣ ከላዩ ልባስ ይደረግበታል፣ ከዚያ ሁሉም አብሮ ይቃጠላል። ሥዕሉ ከመስታወቱ ሥር ስለሚቀር መቼም አይለቅም። ችግሩ ግን አብዛኛው ቀለም 1,300 ዲግሪን አይችልም። ወይ ይጠፋል ወይ ይጠቁራል።

ታዲያ ቀዩና አረንጓዴው እንዴት መጣ?

ቀለሙን በኋላ፣ በቀዝቀዝ ያለ እሳት በማስገባት ነው የመጣው። ኢናሜል የሚባለው ይህ ነው።

ኢናሜል ስንል የግድግዳ ቀለም ትዝ ይለን ይሆናል። እዚህ ግን ሌላ ነገር ነው። የመስታወት ዱቄት ነው። ቶሎ እንዲቀልጥ እርሳስ ይገባበታል (የምንጽፍበትን ሳይሆን ማዕድኑን ማለቴ ነው)። ቀለም እንዲያወጣ ደግሞ ሌላ ማዕድን ይጨመርበታል። መዳብ አረንጓዴ ይሰጣል። ማንጋኒዝ ሐምራዊ፣ ብረት ቢጫ፣ ኮባልት ሰማያዊ።

ሻማ ሳህን ላይ ሲንጠባጠብ አስቡት። ሰሙን የሚያቀልጥ ሙቀት ሳህኑን ምንም አያደርገውም። ኢናሜልም እንደዚያ ነው፤ 800 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል፣ ከሥሩ ያለው ልባስ ግን አይፈስም። ሰም በጥፍር ይነሳል። ኢናሜሉ ግን በቀላሉ አይነሳም፤ በዚያ ሙቀት ልባሱም ጥቂት ስለሚለሰልስ ሁለቱ ይያያዛሉ። መስታወት በመስታወት ላይ ይቀመጣል።

አንድ ሳህን እንግዲህ ቢያንስ ሦስት ጊዜ እሳት ያያል። መጀመሪያ ለስላሳ ማጠንከሪያ፣ ቀጥሎ ዋናው የልባስ እሳት፣ መጨረሻ ላይ የቀለም እሳት። ወርቅ ካለው አንዳንዴ አራተኛም አለ። በየእሳቱ የሚሰነጠቅና የሚጣመም አይጠፋም። ሦስተኛው እሳት ላይ ደርሶ የተበላሸ ሳህን የብዙ ሰው ድካም ይዞ ነው የሚሄደው።

ሠዓሊው የሚስለው የመጨረሻውን ቀለም ሳያይ መሆኑም ይገርመኛል። ብዙዎቹ ዱቄቶች ከእሳት በፊት ደብዛዛ ናቸው። አረንጓዴ የሚሆነው ቅጠል ብሩሹ ላይ ሳለ አረንጓዴ አይመስልም። ሠዓሊው የሚሠራው ከእሳት በኋላ የሚሆነውን በልቡ ይዞ ነው።

ቀዩ ለብቻው ጠባይ አለው። በጣም የላመ የብረት ኦክሳይድ ነው፤ የዝገት ዘመድ። እንደ ሌሎቹ ወፍራም መስታወት አይሆንም፣ ስስ ሆኖ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ጣታችሁን በእንዲህ ዓይነት ዕቃ ላይ ብታሳልፉ አረንጓዴው ቅጠል እንደ ደረቀ ጠብታ ከፍ ብሎ ይሰማችኋል። ቀዩ አበባ ግን እምብዛም አይሰማም። በዚህ ስስነቱ ነው ቀዩ ቶሎ የሚገረጣው። የእናቴ ሲኒም በፋብሪካ የታተመ አበባ ይኑረው እንጂ ታሪኩ ይኸው ነው፤ ወርቁና ቀዩ ከልባሱ በላይ ስለነበሩ እጅና ውሃ አገኛቸው።

ካኪኤሞን የሰው ስም ነው ወይስ የዕቃ?

ሁለቱንም ነው። ግራ መጋባቱም የሚመጣው ከዚህ ነው።

አሪታ ውስጥ ሳካይዳ የሚባል ቤተሰብ ነበር። ከቤተሰቡ የመጀመሪያው ካኪኤሞን (1596–1666) በ1640ዎቹ የኢናሜልን ጥበብ በጃፓን እንደጀመረ የቤተሰቡ ጽሑፎች ይናገራሉ። ምስጢሩ የተገኘው ናጋሳኪ ውስጥ ከነበረ ቻይናዊ ሲሆን፣ ያቀበለው ኢማሪ ከምትባለው የአሪታ ወደብ የመጣ ነጋዴ ነው። ካኪ የአንድ ብርቱካንማ ፍሬ ስም ነው፤ በእንግሊዝኛው ፐርሲመን የሚባለው። ሰውየው የፍሬዋን ቅርፅና ቀለም የያዘ ጌጥ ለአገሩ ገዢ ሠርቶ ሲሰጥ በዚያው ስም ተጠራ የሚል ተረት አለ። ተረቱን እንደ ተረት መውሰድ ነው። የፍሬዋ ቀለም ግን በእርግጥ ሳህኖቹ ላይ አለ። ከደም ቀይ ወደ ብርቱካን ያዘነበለ፣ ለስለስ ያለ ቀይ ነው።

ከዚያ በኋላ ስሙ ማዕረግ ሆነ። አባት ሲሞት ወራሹ ካኪኤሞን ይባላል። ዛሬ ያለው ከ2014 ጀምሮ አሥራ አምስተኛው ነው።

ሦስተኛው ትርጉም የአሠራር ስልት ነው። "ካኪኤሞን" እየተባሉ በየሙዚየሙ የሚታዩት አሮጌ ዕቃዎች ሁሉ ከዚህ አንድ ቤት የወጡ አይደሉም። በአሪታ ብዙ ምድጃዎች በዚሁ ስልት ሠርተዋል። ሠዓሊዎቹም በአብዛኛው ስማቸውን አልጻፉም። የኢናሜል ሠዓሊዎች በአሪታ ውስጥ በአንድ ሰፈር ተሰብስበው ይኖሩ ነበር፤ አካኤማቺ ይባላል፣ "የቀይ ሥዕል ሰፈር" እንደማለት ነው። ምስጢሩ እንዳይወጣ የአካባቢው ገዢዎች ይቆጣጠሯቸው ነበር።

ነጩ ቦታ ለምን ባዶ ተተወ?

ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው።

የተለመደውን የካኪኤሞን ሳህን በዓይናችሁ ሳሉት። በአንድ ጎን ከጠርዙ አጠገብ የዳጉሳ ዘመድ የሆነ እህል ዘለላው ከብዶት ጎንበስ ብሏል። ከሥሩ ሁለት ድርጭቶች አሉ። አንዷ አንገቷን አስግጋ ወደ ላይ ታያለች፤ ሌላዋ መሬት ትለቅማለች። ላባቸው በቀጫጭን መስመር አንድ በአንድ ተስሏል። ጥቂት ቀይ አበባ፣ አንድ ሰማያዊ ድንጋይ። በቃ። ከግማሽ በላዩ ሳህን ምንም የለበትም።

ባዶ ያልኩት ነጭ ለብቻው የተደከመበት ነው። ተራው የአሪታ ፖርሴሊን ትንሽ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ለኮባልት ሥዕል ያምርበታል፣ ቀዩንና አረንጓዴውን ግን ያቀዘቅዛቸዋል። ስለዚህ ለኢናሜል ብቻ የሚሆን ሌላ ነጭ ፈጠሩ። ኒጎሺዴ ይባላል። ስሙ የመጣው በአካባቢው አነጋገር ሩዝ ከታጠበበት ውሃ ነው። ሩዝ አጥቦ የሚያውቅ ሰው ቀለሙን ያውቀዋል፤ ወተት የመሰለ፣ ሞቅ ያለ፣ ዓይን የማይወጋ ነጭ። የሚሠራው የሦስት ቦታ ድንጋይ በልክ ተቀላቅሎ ነው። ቅይጡ እሳት ውስጥ ሲገባ በጣም ስለሚሰበሰብ በቀላሉ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል።

እንዲህ የተለፋበትን ነጭ ማን በሥዕል ይሸፍነዋል? ድርጭቶቹ ጥግ ይዘው የቀሩት ለዚያ ይመስለኛል። ባዶው ቦታ አየር ይሆናል። የጠዋት ጭጋግ ያለበት ማሳ ላይ የቆመ ሰው ከፊቱ ሁለት ወፍና አንድ ዘለላ ብቻ ቢታየው እንደዚህ ነው የሚሆነው።

ወፍና አበባ ብቻ ለምን?

ወፍና አበባን አጣምሮ መሳል ከቻይና የመጣ የቆየ ልማድ ነው። ጃፓኖች ካቾ ይሉታል፤ "አበባና ወፍ" ማለት ነው። ዝም ብሎ የማንኛውም ወፍ ከማንኛውም አበባ ጋር መሆን አይደለም፤ ጥንዶቹ የታወቁ ናቸው። ድርጭት ከእህል ዘለላ ጋር ከሆነች ወቅቱ መኸር ነው። ድንቢጥ ከቀርከሃ ጋር ትሆናለች። ኡጉይሱ የምትባለው ዘማሪ ወፍ የፕለም አበባ ላይ ስታርፍ ጸደይ ገባ ማለት ነው። ጥድ፣ ቀርከሃና ፕለም አንድ ላይ ከተሳሉ ደግሞ "ሦስቱ የክረምት ወዳጆች" ናቸው። ብርዱ የማይበግራቸው ስለሆኑ መልካም ምኞት ይገለጽባቸዋል።

አደይ አበባ የተሳለበት ካርድ ስናይ "መስከረም" ብሎ ማንም አይነግረንም፤ እናውቀዋለን። ለጃፓኑ ተመልካችም ድርጭቷ ይህን ያህል ግልጽ ነበረች። አውሮፓ ስትደርስ ግን ትርጉሟ ጠፋ። እንግሊዞች ድርጭቶቹን ሌላ ወፍ አድርገው "ቆቅ" ብለዋቸዋል።

እንዴት ከጃፓን ወጣ?

ጃፓን በ17ኛው ክፍለ ዘመን በሯን ዘግታ ነበር። ከአውሮፓውያን እንዲነግዱ የተፈቀደላቸው ሆላንዶች ብቻ ሲሆኑ፣ እነሱም ከ1641 ጀምሮ ናጋሳኪ ወደብ ላይ በሰው እጅ በተሠራች ደጂማ በምትባል ትንሽ ደሴት ተወስነው ነበር። በዚያው ዘመን ቻይና ታመሰች። የሚንግ መንግሥት በ1644 ወደቀ፣ ጦርነቱ ምድጃዎቹን አስተጓጎለ። የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ዕቃ ሲያጣ ፊቱን ወደ አሪታ አዞረ።

በ1659 ኩባንያው ከ50,000 በላይ ዕቃ አዘዘ። የታዘዘው ለየትኛው ገበያ መሰላችሁ? ለሞካ። ሞካ ከእኛ ባሕር ማዶ፣ በየመን ጠረፍ ያለችው የቡና ወደብ ናት። ከኢትዮጵያ ምድር የተሻገረው ቡና ያኔ ዓለምን እያዳረሰ ነበር፤ ቡና ደግሞ ስኒ ይፈልጋል። የአሪታ ምድጃዎች በትልቁ ወደ ውጭ ንግድ የገቡት በቡና በኩል ነው ማለት ይቻላል። ይህን ሳነብ ለደቂቃዎች መጽሐፉን አስቀምጬ ነበር።

አውሮፓ ምን አደረገች?

አበደች። በጀርመን የምትገኘው የሳክሶኒ ገዢና የፖላንድ ንጉሥ የነበረው ብርቱው አውግስጦስ (1670–1733) በሺዎች የሚቆጠር ፖርሴሊን በድሬስደን ሰበሰበ። በ1717 ከፕሩሲያው ንጉሥ 151 የቻይና ዕቃ ለማግኘት 600 ወታደር ሰጥቷል። ሰዎች በዕቃ ተለወጡ። በ1710 ማይሰን ላይ የአውሮፓን የመጀመሪያ እውነተኛ የፖርሴሊን ፋብሪካ ያቋቋመውም እሱ ነው። ፋብሪካው ከጊዜ በኋላ የካኪኤሞንን ወፎች መስመር በመስመር ቀዳ። በፈረንሳይ የሻንቲይ፣ በእንግሊዝ የቦውና የቼልሲ ፋብሪካዎችም ተከተሉ።

እዚህ ላይ ልባሱን የሚያስታውስ ታሪክ አለ። ሩዶልፍ ለሜር የሚባል የፓሪስ ነጋዴ በ1729 አካባቢ ማይሰንን የጃፓን ቅጂዎች አዘዘ። የፋብሪካው ምልክት ሁለት የተጠላለፉ ሰይፎች ናቸው፤ በሰማያዊ ይጻፋል። ለሜር ምልክቱ ከልባሱ በላይ፣ በኢናሜል እንዲጻፍለት ጠየቀ። ለምን? ከልባስ በላይ ያለ ነገር ይፋቃል። ሰይፎቹን ፍቆ ዕቃውን "የጃፓን ነው" ብሎ በውድ ሊሸጥ ነው። በኋላ ተደረሰበት። የረዱት የሳክሶኒ ሚኒስትር ካውንት ሆይምም በ1731 ታሰሩ። ከልባሱ ሥር ቢጻፍ ኖሮ ማጭበርበሩ ባልተቻለ ነበር።

ለምን ቆመ? ዛሬስ?

ቻይና ተረጋጋች። በ1680ዎቹ ጂንግደዠን የምትባለው የቻይና የፖርሴሊን ከተማ ምድጃዎች ወደ ሥራ ተመለሱ፣ በርካሽ ዋጋም ገበያውን ወሰዱት። የጃፓንን ስልት ራሱን ቀድተው ይሸጡ ነበር። የሆላንዱ ኩባንያ ግዢም እየቀነሰ ሄዶ በ1757 ቆመ። ኒጎሺዴ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ ተረሳ። ልኩን የሚያውቅ ሰው ጠፋ።

አሥራ ሁለተኛውና አሥራ ሦስተኛው ካኪኤሞን፣ አባትና ልጅ፣ የድሮ የቤተሰብ ማስታወሻ ይዘው እየሞከሩ፣ እየተበላሸባቸው፣ በ1953 መልሰው አገኙት። የጃፓን መንግሥት በ1971 ጥበቡን በአገር ቅርስነት መዘገበው። በ2013 የሞቱት አሥራ አራተኛው ካኪኤሞን ከድሮ ንድፍ ይልቅ በአካባቢያቸው የሚበቅሉ የዱር አበቦችን እየተመለከቱ በመሳል ይታወቃሉ።

ኢማሪ፣ ናቤሺማ፣ ኩታኒ የሚባሉትስ?

ኢማሪ የአሪታ ዕቃ የሚጫንበት ወደብ ስም ነው፤ ሐረር ያልበቀለ ቡና "ሐረር" ቢባል እንደማለት። ብዙ ጊዜ ጥቁር ሰማያዊ፣ ቀይና ወርቅ የሞላበትን ዕቃ ይሉታል፤ ባዶ ቦታ የለውም። ናቤሺማ ለገዢዎች ስጦታ ብቻ የተሠራ ነው፣ ለገበያ አይወጣም ነበር። ኩታኒ ከሌላ አካባቢ ነው፤ ይሁንና "አሮጌ ኩታኒ" ከሚባለው ብዙው አሪታ የተሠራ መሆኑን ቁፋሮ አሳይቷል።

በዓይኔ ባየው ምን ልፈልግ?

ለንደን ያላችሁ ብሪቲሽ ሙዚየም ግቡ፤ በነጻ ነው። በካኪኤሞን ስልት የተሠሩ ሁለት ነጭ ዝሆኖች አሉ፤ ሠሪው ዝሆን በዓይኑ አይቶ የሚያውቅ አይመስልም። ጀርመን ያላችሁ ድሬስደን፣ ትስቪንገር በሚባለው ቤተ መንግሥት ውስጥ የአውግስጦስ ስብስብ ይጠብቃችኋል።

ሳህን ካገኛችሁ መጀመሪያ ነጩን እዩ። ከዚያ ጠርዙን፤ ብዙዎቹ ቀጭን ቡናማ መስመር አላቸው። የአሪታ ትልልቅ ሳህኖች ጀርባ ላይ ትንንሽ የነጥብ ጠባሳዎች ይታያሉ፤ እሳት ውስጥ እንዳይሰረጉድ የደገፉት ነገር አሻራ ነው። እቤት አሮጌ ባለቀለም ዕቃ ካለ ደግሞ ሎሚና ኮምጣጤ ያለበት ምግብ አታቆዩበት። ኢናሜሉ ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል።

በመጨረሻም ጎንበስ በሉና ብርሃኑ በጎን እንዲመታው አድርጋችሁ እዩት። ቢላዋና ውሃ የጨረሰው ወፍ ቀለሙ ቢጠፋም የነበረበት ቦታ ላይ ልባሱ ደብዘዝ ይላል። ፊት ለፊት የማይታየው ክንፍ በጎን ሲታይ ሙሉ ቅርፁን ይዞ ይወጣል። ባለፈው እናቴ ጋ ስሄድ ከስድስቱ የቀረችውን አንዲት ሲኒ ወደ መስኮቱ ወስጄ አዘነበልኳት። አበባው አለ። አምስት ቅጠል ነበረው።